የአዳራሹ የኋላ በር

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ የሰፈሩ አዳራሽ ዘበኛ ወንበሮቹን ሊሰበስብ ሲገባ፣ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊውን ከመድረኩ ደረጃ ሥር ተጋድሞ አገኘው። የተኛ መሰለው። ሰውየው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲጽፍ ነው የዋለው፤ ቢያሸልበው አይፈረድበትም። «ጋሼ፣ ወንበሩ ይሻልዎታል» ብሎ ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ግን አንገቱ እንደ ጨርቅ ዞረ። ከጆሮው ሥር የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ መድረቅ ጀምሯል።

ኢንስፔክተሯ ከሳጅኑ ጋር ስትደርስ አዳራሹ ቀለም ቀለም ይሸታል። ሁለት መቶ የፕላስቲክ ወንበሮች ሰዎቹ ጥለዋቸው እንደሄዱ ተዘበራርቀዋል። መድረኩ ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ የታጠፈ መነጽር፣ ክዳኑ የተከፈተ እስክሪብቶና የተጋመሰ የውሃ ጠርሙስ ነበር። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

«ምን ጎደለ?» አለችው ሳጅኑን።

ሳጅኑ ጠረጴዛውንም ወለሉንም አየና «ደብተር» አለ።

ሐኪሙ ጎንበስ ቀና እያለ ሰውየው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ መሞቱን ነገራት። ሁለቱም ክንዶቹ ላይ የጣት ምልክት አለ። አንድ ሰው ጨምድዶ ይዞት፣ ከዚያም ወደ ኋላ ገፍቶታል። የደረጃው ጠርዝ የቀረውን ጨርሶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለከተማው የቤት ልማት ድጎማ ሰጥቷል። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለው በዚህ ሰፈር ሦስት መቶ አርባ አነስተኛ ቤቶች ይሠሩበታል፤ የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ይዘረጋበታል፤ አንድ ክሊኒክ ይከፈትበታል። ከተማው ግን መንፈቅ ሳይሞላ አሳቡን ለወጠና ገንዘቡን ለገበያ ማዕከሉ ባለ ስምንት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ላውለው አለ። ይህን ለማድረግ አንድ እንቅፋት አለበት። በድጎማው ደንብ መሠረት ነዋሪው በስብሰባ ካልተጠየቀና ካልተስማማ ዕቅዱ አይለወጥም። የማክሰኞው ስብሰባ የተጠራው ለዚሁ ነው። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ የፌዴራሉ ገምጋሚዎች መጥተው ቃለ ጉባኤውን ያያሉ። ለእንግዶቹ ሲባል ከሰኞ ጀምሮ ግንቡ፣ ከማክሰኞ ማለዳ ደግሞ በሩ በቀለም እየተሸፈነ ነበር።

ዘበኛው ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ስብሰባው በአምስት ሰዓት በጩኸት ተበተነ። ጸሐፊው ጽሑፉን ላስተካክል ብሎ ቀረ። አብረውት የቀሩት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ እማማ አሻፈረኝ። እሳቸውም ስድስት ሰዓት ላይ በፊት ለፊቱ በር ወጡ። ከዚያ በኋላ በእሱ በር የገባም የወጣም የለም፤ ምሳውን እንኳ ደፉ ላይ ተቀምጦ ነው የበላው።

«የኋላው በርስ?»

የኋላው በር የሚያወጣው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የመኪና ግቢ ነው። ሳጅኑ ሊከፍተው ቢታገል አልተነቃነቀም፤ አረንጓዴው የዘይት ቀለም በሩንና ጉበኑን አጣብቆ ይዟቸዋል። ቀለም ቀቢው ተጠራ። እስከ ቅንድቡ ድረስ አረንጓዴ የተረጨበት ቀጭን ሰው ነው። አንደኛውን እጅ ቀለም ከስብሰባው በፊት ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛውን እጅ ስምንት ሰዓት ላይ እንደቀባ ተናገረ።

«ለሁለተኛው ስትመጣ አንደኛው ተነክቶ ነበር?»

ቀለም ቀቢው ብሩሹን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና «አልተነካም» አለ።

እንግዲህ በኋላው በር ማንም አልወጣም ማለት ነው። በፊተኛው ደግሞ የወጡት አንዲት ሴት ናቸው።

ከቤት ልማት ጽሕፈት ቤቱ ሊያነጋግራት የመጣው ምክትል ኃላፊው ነበር። ቀልጠፍ ያለ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ፣ ቀኝ እጁ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ጥቁር ድንጋይ ቀለበት ያደረገ፣ ቀለበቱ ሰፍቶት ድንጋዩ ወደ መዳፉ የሚዞርበት ሰው ነው። ከሟቹ ጋር በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ ሃያ ሰባት ዓመት አብረው እንደሠሩ ሲነግራት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስድስት ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ ምሳ በልቶ፣ ስምንት ተኩል ላይ ቢሮው ተመልሷል። ሚስቱም ይህንኑ አረጋገጠች።

ከቦርሳው ሁለት ገጽ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አወጣ። ቃለ ጉባኤው ነው፤ ጸሐፊው ስብሰባው እንዳለቀ ፈርሞ እንደላከለት ተናገረ። ይዘቱ አጭር ነው፦ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ነዋሪዎች ተወያይተው የመኪና ማቆሚያውን ዕቅድ በጭብጨባ አጽድቀዋል።

«ለዚህ ነው የሞተው» አለ ምክትል ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እውነቱን ስለጻፈ። ያቺን ሴትዮ ጠይቋት። በሰው ሁሉ ፊት ‹ይህን ከጻፍክ እጅህ ይቆረጥ› ብላዋለች።»

እውነትም ብለዋል። አንድ መቶ ሰው ሰምቷቸዋል።

እማማ አሻፈረኝ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሰፈሩ ሰው ከረሳው ቆይቷል። የቤት ኪራይ ሲጨመር አሻፈረኝ፣ ውሃ ሲቆረጥ አሻፈረኝ፣ ቤታቸው ላይ ቀይ የማፍረሻ ምልክት ሲቀባ ደግሞ በላዩ ነጭ ቀብተው አሻፈረኝ ያሉ ሴት ናቸው። ጣቢያ ሲመጡ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ለብሰዋል። የምርመራው ክፍል በሙቀት ይነዳል፤ ግን አላወለቁትም።

ኢንስፔክተሯ ከጸሐፊው ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ምን እንዳወሩ ጠየቀቻቸው።

«የራሴ ጉዳይ ነው» አሉ።

«እማማ፣ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት እርስዎ ነዎት። ዝም ካሉ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት።»

«ተጎድቼ አላውቅ ይመስል!» አሉና ካፖርታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ፤ አንቺን አላውቅሽም። ከላይ ማን እንደሚያዝሽም አላውቅም። ሐሙስ እነዚያ እንግዶች ፊት አቁሚኝ፤ ያኔ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ብትሰቅይኝም አንዲት ቃል አይወጣኝም።»

ቤታቸው ተፈተሸ። የስፌት መኪናቸው ሥር፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላው ጆንያ ውስጥ፣ ፍራሻቸው ውስጥ ምንም አልተገኘም። ያን ሌሊት እዚያው ጣቢያ አደሩ።

ረቡዕ ጠዋት ሌላ ፍንጭ ብቅ አለ። የመኪና ማቆሚያውን ጨረታ ያሸነፈው ተቋራጭ ሰኞ ዕለት ጸሐፊውን መንገድ ላይ አስቁሞ ሲጮህበት ታይቷል። ሰፈሩ «ሲሚንቶ» ይለዋል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅማ። ኢንስፔክተሯ ቢሮው ስትሄድ ግማሽ ፊቱ እንደ ዳቦ አብጦ አገኘችው። መጮሁን አልካደም፤ ዕቅዱ ቢጓተት ያስመጣው ብረት ዝጎ ይቀርበታል። ማክሰኞ ግን ከአምስት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነበር። ሐኪሙ ሲጠየቅ እየሳቀ መሰከረ። ሰውየው መንጋጋ ጥርሱ ሲነቀል የሐኪሙን እጅ ጨብጦ ስላልለቀቀ፣ ረዳቱ ጣት በጣት ነው ያላቀቀችው። ሲሚንቶ መባሉ ለካ በከንቱ አይደለም።

እኩለ ቀን ላይ አዛዡ አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ ሴትዮዋን የሚከስስ ወረቀት ተዘጋጅቶ ጠበቃት፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ነው።

«ዝታለች፣ ብቻዋን ነበረች፣ ሌላ በር የለም» አለ በጣቱ እየቆጠረ። «ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ከንቲባው ሦስት ጊዜ ደወለ። ፈርሚና ይለቅልን።»

«ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት የሰውን ክንድ እስኪበልዝ ጨምድዳ መያዝ ትችላለች?»

«ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ጠንካራ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አንብባ ጨረሰችና ወደ እሱ መልሳ ገፋችው። እሷም በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ሰባት ጊዜ ዕቃ ጭና ከቤት ወደ ቤት ዞራለች። ያን ጊዜ ሁሉ አንድ ሰው ቀድሞ ወረቀት ፈርሞ ነበር።

«አልፈርምም» አለች።

«ትዕዛዝ ነው።»

«ትዕዛዝዎን በጽሑፍ ይስጡኝ። ያላመንኩበትን እንድፈርም ማዘዝዎ ይጻፍና እፈርማለሁ።»

አዛዡ አፍጥጦ አያት። እስክሪብቶም አላነሳ። እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ ጊዜ እንዳላት፣ ከዚያ በኋላ ግን መዝገቡን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ እሷንም ከተማ የማታይበት ቦታ እንደሚልካት ነገራት። እሷም አመስግና ወጣች።

ከዚያ የሄደችው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ክፍል ነው። ሟቹ የጻፋቸውን የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤዎች አስወጥታ ከሳጅኑ ጋር ማንበብ ጀመሩ። ሳጅኑ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሰውየው የማይጽፈው ነገር የለም። «ከኋላ መስመር አንድ ሰው ሳቀ፤ ምክንያቱን አልተናገረም።» «ሕፃን ስላለቀሰ ለጥቂት ደቂቃ ቆመናል።» «ኃላፊው ለጥያቄው መልስ ሰጥተዋል፤ ይሁን እንጂ መልሱ የሌላ ጥያቄ ነው።»

«ይሄ ሰው ‹በጭብጨባ አጸደቁት› ብሎ አያልፍም» አለች። «ስንት ሰው እንዳጨበጨበ ይቆጥር ነበር።»

እንግዲያው በኮምፒውተር የተጻፈው የእሱ አይደለም። ግን ይህ ገዳዩን አያሳይም፤ በሩ አሁንም ዝግ ነው።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ዙሪያውን በእግሯ ዞረች። የመጸዳጃ ቤቱ በር አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ግን አሮጌው ቡናማ ቀለም ያሳብቃል። የዕቃ ቤቱም እንደዚያው፣ ስድስቱ መስኮቶችም እንደዚያው። ሁሉም ገና አንድ እጅ ነው የተቀቡት። ወፍሮና አብረቅርቆ የተቀባው የኋላው በር ብቻ ነበር።

ቀለም ቀቢው መሰላሉ ላይ ነበር። እንዲወርድ ነገረችው።

«ሁሉንም ማክሰኞ ማለዳ ነው የጀመርካቸው። ሁለተኛው እጅ መቼ ነበር የሚቀባው?»

«ሲደርቅ ነዋ። ዛሬ ከሰዓት።»

«ታዲያ ይህን አንዱን በር ለምን በሰባት ሰዓት ልዩነት ደገምከው?»

ብሩሹን ወደ ታች ዘቀዘቀ። ብሩሹ ሱሪው ላይ ያንጠባጥባል። ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ አንዲት አሮጊት ሴት ከትናንት ጀምሮ እስር ቤት እንዳሉ ነገረችው። ያን ጊዜ አፉን ከፈተ። ከምክትል ኃላፊው ስልክ ተደውሎለታል፤ የኋላውን በር አሁኑኑ ድገመው ተብሏል። ቀለም ሳይደርቅ አይደገምም ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ትዕዛዝ ነው አሉት። በሩ ጋ ሲደርስ ጠርዙ ላይ የእጅ አሻራ አየ። የሰው እጅ እንዳይነካው ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ነበረበት፤ ረስቶታል። ደሞዜን ይቆርጡብኛል ብሎ ፈራና ምንም ሳይል በላዩ ቀባበት።

«ቦታውን አሳየኝ» አለች።

ሳጅኑ የእጅ ባትሪውን ከበሩ ጎን አስጠግቶ አበራው። ከፊት ለፊት ሲታይ ምንም የለም። ብርሃኑ በጎን ሲያልፍ ግን ከሁለተኛው ቀለም ሥር አራት ጣትና መዳፍ ጎልተው ወጡ። ከጣቶቹ በአንደኛው ሥር ባለ አራት ማዕዘን ጎድጓዳ ምልክት አለ።

ሳጅኑ ባትሪውን እንደያዘ ቀረ። 

ሐሙስ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ምክትል ኃላፊው ቢሮው ሲገባ ኢንስፔክተሯን ወንበር ስባ ተቀምጣ አገኛት። ፈገግ ብሎ የሴትዮዋን ክስ ነገር ጠየቃት። እሷ ደግሞ ማክሰኞ ስብሰባው ላይ ለብሶት የታየውን ግራጫ ኮት ጠየቀችው። ላውንደሪ ሰጥቶታል። ታውቃለች፤ ከዚያ ነው የመጣችው። የላውንደሪው ባለቤት በጣም ይቅርታ ጠይቋታል፤ የዘይት ቀለም ከሱፍ እጅጌ ላይ በቀላሉ አይለቅም።

ሰውየው በሩን መዝጋት ረስቶ ቆመ። በኋላው በር ስንት ሰው እንደሚያልፍ፣ ቀለም የትም ሊነካው እንደሚችል ያስረዳት ጀመር። ኢንስፔክተሯ ቀለበቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጥ ለመነችው። ቀለበቱ ከጣቱ ተንሸራቶ ወጣ። ከዚያ ሁለት ገጽ የሆነው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲፈርም ሊያግባባው በኋላው በር እንደገባ፣ ጸሐፊው እምቢ እንዳለ፣ ደብተሩን ሊነጥቀው ሲታገል እንደተገፈታተሩ፣ ፊርማውን በኋላ ራሱ እንዳስመሰለ፣ ሚስቱም ስለ ምሳው የመሰከረችው እሱ ለምኗት እንደሆነ ቀስ በቀስ ተናገረ። የነጠቀው ደብተር ሲገለጥ ደግሞ የዕለቱ ገጾች ተቀደው ወጥተዋል።

«ጓደኛዬ ነበር» አለ። «ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም። አልፈልግም ነበር።»

ኢንስፔክተሯ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ ስትለው ቆይታለች።

«ጸሐፊው ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተነፍስ እንደነበር ሐኪሙ ነግሮኛል» አለች። «አንተ ስልክህን አወጣህ። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ነው፤ አጣርቻለሁ። የደወልከው ለሐኪም አልነበረም። ለቀለም ቀቢ ነበር።»

በሩ ላይ ሲጠብቅ የነበረውን ሳጅን በእጇ ጠራችው።

ሳጅኑ ሰውየውን ይዞ ወጣ። ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ደርሳ የእማማ አሻፈረኝን ክፍል ስታስከፍት ሴትዮዋ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጸሐፊው እንዴት እንደሞተ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቀድሞ አውቆታል» አሉ በመጨረሻ። «‹እትዬ፣ ሊያስፈርሙኝ ይመጣሉ፤ እኔ ጋ ከተገኘ ያጠፉታል› አለኝ። ያንን እርግማን እንኳ ተማክረን ነው ያልኩት፤ እኔና እሱ ጠላት እንድንመስል።»

ከደብተሩ የተቀደደውን ጽሑፍ በመርፌ ካፖርታቸው ገበር ውስጥ ሰፍተውት ነበር። እዚያው ሊያወጡት ቢችሉም አሻፈረኝ አሉ፤ እንግዶቹ ፊት ካልሆነ ገበሩ አይተረተርም።

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። አዛዡ የሰጣት ጊዜ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። የመኪናዋን በር ከፈተችላቸው።

አዳራሹ በፖሊስ ስለታሸገ ገምጋሚዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትና አንድ ጠና ያለ ሰው ናቸው። ከንቲባው ስለ ልማት እየተናገረ ነበር። የፖሊስ መኪና ገብቶ እማማ አሻፈረኝ ሲወርዱ ንግግሩ ተቋረጠ። ነዋሪው አጉረመረመ። አዛዡ ከፊተኛው ወንበር ብድግ ብሎ ወደ ኢንስፔክተሯ መጣና ጆሮዋ ላይ መልሻት አላት። እሷም በሁሉም ፊት፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ ገዳዩ መያዙንና ሴትዮዋ ነፃ መሆናቸውን ተናገረች።

እማማ አሻፈረኝ ካፖርታቸውን አወለቁ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና አራት የተጣጠፉ ገጾች አወጡ። ባለመነጽሯ ገምጋሚ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች። ሁሉም እዚያ አለ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደተነሳ። «አንዲት እናት፦ መኪና የለንም፤ ያለን ጀርባ ነው፤ እሱን የምናሳርፍበት ስጡን ብለዋል። ሳቅ ሆነ። ጸሐፊውም ስቋል።» የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ። «ከተሰብሳቢው አንድ መቶ አሥራ ሁለቱም ዕቅዱን አልተቀበሉም። ጸሐፊው በዚህ ሰፈር ለሃያ ዓመት በኪራይ ስለኖረ አንድ መቶ አሥራ ሦስተኛ ሆኖ ይመዘገብ።»

ከግቢው ማንም አላጨበጨበም። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ድጎማው ለጊዜው ታገደ። የመኪና ማቆሚያው ቀረ። ኢንስፔክተሯ በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፤ በማግስቱ ይግባኝ አስገባች፤ እስከ ዛሬም ከቢሮዋ አልለቀቀችም። ከሁለት ወር በኋላ ሰፈሩ እንደገና ለስብሰባ ተጠራ። የሟቹን ቦታ የያዘ አዲስ ጸሐፊ መጥቷል። ከተማው የላከው አዲስ ባለሥልጣን ደግሞ ስለ ሦስት መቶ አርባዎቹ ቤቶች የተጻፈውን ዕቅድ ቆሞ ያነባል። ቸኩሏል፤ አንቀጽ እየዘለለ ነው የሚያነበው። እማማ አሻፈረኝ በየመሐሉ እያስቆሙ ድገመው ይሉታል። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስቆሙት ሰውየው ሰዓቱን አይቶ ተነፈሰና፣ እናቴ፣ እንዲህ ከሆነ እስከ ማታ አንጨርስም አላቸው።

ኢንስፔክተሯ የሲቪል ልብስ ለብሳ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። አሮጊቷ ከወንበራቸው ሳይነሱ ሲመልሱለት ሰማች።

«ቀስ ብለህ አንብብ የኔ ልጅ። እኛ የትም አንሄድም።»